“እምቢ” ማለትም መልስ ነው፦ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮሪደሮች የ20 ዓመት ታሪክ

ለ20ኛ ዓመት መሰባሰቢያችን በሚወጣው መጽሔት ላይ “አንድ ነገር ጻፊ” ስባል፣ የምትጠብቁት ስለ ዶርም፣ ስለ አናቶሚ ክፍሉ ሽታና ከፈተና በፊት ስለነበሩት ሌሊቶች እንደሆነ አውቃለሁ። እሱን ከእኔ አሳምረው የሚያወሩ ጓደኞች አሉ። እኔ የመረጥኩት ርዕስ “ሐኪም ምን አገባት?” የሚያሰኝ ነው፤ ስለ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮችና መንግሥት ስለሚሰይምላቸው ኮሪደሮች። አዲስ አበባ ያላችሁ “ኮሪደር” ስትሰሙ ሌላ ነገር እንዳይመጣባችሁ! እዚህ የማወራው ስለ አሜሪካው ነው።

ርዕሱን እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ አጋጣሚ አለ። የዚህ ታሪክ መነሻ የሆነው ሕግ የተፈረመው ነሐሴ 2 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። እኛ የተመረቅንበት ዓመት ማለት ነው። እኛ ሥራ ስንጀምር ሕጉም ሥራ ጀመረ፤ የገጠመው ጥያቄም እኛ በየታማሚው አልጋ ዳር ከገጠመን ጥያቄ ብዙም አይርቅም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ወገንተኝነቴን ልናገር። እኔ የመስመሩ ወገን ነበርኩ። ከተመረቅሁ በኋላ በተመደብኩበት ሆስፒታል አንድ ሌሊት የቀዶ ሕክምና ላይ እያለን መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ነርሷ በባትሪ አብርታልን ጨረስን፤ እናትየውም ልጇም ተረፉ። ሆኖም ያን ሌሊት የያዝኩት እምነት ቀላል ነበር፤ ኃይል ካለበት ቦታ ወደሌለበት መስመር መዘርጋት ደግ ሥራ ነው፣ የሚከለክለው ሰው ደግሞ ጨለማ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2011 ቨርጂኒያ ስገባም ይህንኑ እምነት ይዤ ነው የመጣሁት።

በማግሥቱ ዓመት፣ ሰኔ 29 ቀን 2012 ሌሊት፣ ዋሽንግተንና አካባቢውን ከባድ የንፋስ ማዕበል መታው። ዛፍ በየመንገዱ ወደቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤትና ድርጅት ያለ መብራት ቀረ፤ ለአንዳንዱ ሰፈር የተመለሰው ከቀናት በኋላ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ በኦክስጅን ማሽን የሚተነፍሱ አንዲት የአገራችን እናት ስልክ ደውለው፣ “ልጄ፣ አሜሪካም መብራት ይጠፋል እንዴ?” አሉኝ። ሆስፒታል እስኪገቡ ድረስ እጄ ላይ ስልኩ አልወረደም። እኔም “መስመር ቢበዛ ኖሮ” አልኩ። ያኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር፤ ያን ሌሊት የወደቀው በአብዛኛው የሰፈሩ ሽቦና ምሰሶ ነው። ትልቁ ማስተላለፊያ መስመርና የሰፈሩ ሽቦ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ አኦርታ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ የደም ሥር። የእማማ ማሽን የቆመው በትንሿ ነው። ይህን ልዩነት ለመረዳት ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያው ገባሁበት።

“የመስመር መጨናነቅ” የሚባለው ምንድን ነው? አንድ ማስተላለፊያ መስመር በደህና ሊሸከም የሚችለው ኃይል መጠን አለው። ብዙ ሲጫንበት ይግላል፣ ይረዝማል፣ ወደ መሬት ይረግባል። ስለዚህ የሥርዓቱ ተቆጣጣሪዎች መጠኑ እንዳይታለፍ ይጠብቃሉ። ከአፓላችያ ተራሮች ማዶ ርካሽ ኃይል ቢኖርም መስመሩ ከሞላ ወደ ዋሽንግተን፣ ፊላደልፊያና ኒው ዮርክ አይሻገርም፤ በምትኩ ከተሞቹ አጠገብ ያለው ውድ ማመንጫ ይነሳል። እንግዲህ መጨናነቅ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ አይደለም፤ ከፍ ያለ ሂሳብ ነው። ወደ ጨለማ የሚያደርሰው ሲብስ ነው።

ታዲያ መስመር ለምን አይጨመርም? እዚህ ላይ የቆየ ሕግ አለ። በ1935 የወጣው የፌዴራል ፓወር ሕግ በግዛቶች መካከል የሚሸጠውን የጅምላ ኤሌክትሪክ ዋጋ ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ መስመሩ የት ይለፍ የሚለውን ውሳኔ ግን ለየግዛቱ ተወው። ለተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ነገሩ ሌላ ነው። በ1938 የወጣው የጋዝ ሕግ በ1947 ሲሻሻል፣ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ኩባንያ በፍርድ ቤት በኩል የግል መሬት ለሕዝብ ጥቅም የመውሰድ ሥልጣን አገኘ። ስለዚህ ጋዝ ሦስት ግዛት አቋርጦ ለመሄድ ዋናውን ፈቃድ ከአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያገኛል፤ ኤሌክትሪክ ግን የሦስቱንም ደጅ ያንኳኳል። መካከል ያለው ግዛት ደግሞ “ኃይሉ ከእኔ አይመነጭ፣ ለእኔ አይደርስ፤ ምሰሶው ብቻ የእኔ ሊሆን?” ይላል። ይህም ሐቅ ነው።

በ2000 እና በ2001 የካሊፎርኒያ ቀውስ መጣ። በግዛቱ ደቡብና ሰሜን መካከል ያለው “ፓዝ 15” የተባለ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሰሜኑ በፈረቃ ሲጨልም ከደቡብ በቂ ኃይል ሊያሳልፍ አልቻለም። ማነቆውን ያቃለለው 135 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አዲስ መስመር በ2004 መጨረሻ ተጠናቀቀ። በዚያ መካከል፣ ነሐሴ 14 ቀን 2003 ከሰዓት በኋላ፣ ከኦሃዮ ተነስቶ ኒው ዮርክንና የካናዳዋን ኦንታሪዮን ያዳረሰ መቋረጥ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ያለ መብራት አስቀረ። ይህ መቋረጥ ኮንግረስን ክፉኛ አስደነገጠ። ልብ በሉ ግን፤ የአሜሪካና የካናዳ የጋራ መርማሪ ቡድን ያገኘው ዋና ምክንያት ያልተከረከመ ዛፍ፣ የከሸፈ የማስጠንቀቂያ ሶፍትዌርና የሚሆነውን በጊዜው ያላዩ ተቆጣጣሪዎች ነበሩ። ምልክቱ አንድ ነበር፤ የታዘዘው መድኃኒት ደግሞ በከፊል ለሌላ በሽታ ሆነ። በእኛ ሙያም ሲደረግ አይተናል።

እናም ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በ2005 የኢነርጂ ፖሊሲ ሕጉን ፈረሙ። ለእኛ ታሪክ የሚያስፈልገው ክፍል በአጭሩ ይህን ይላል። የኢነርጂ ሚኒስቴሩ፣ ከሚመለከታቸው ግዛቶች ጋር እየተመካከረ፣ በየሦስት ዓመቱ የመጨናነቅ ጥናት ያካሂዳል። ችግሩ የከፋበትን አካባቢ “ብሔራዊ ጥቅም ያለው የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ኮሪደር” ብሎ መሰየም ይችላል። በተሰየመ ኮሪደር ውስጥ አንድ ግዛት የመስመር ማመልከቻ ቀርቦለት “ፈቃዱን ከአንድ ዓመት በላይ ከያዘው” የፌዴራል ኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ገብቶ ራሱ ሊፈቅድ ይችላል። ከዚያ ወዲያ መሬት ማስለቀቅም ይከተላል።

የመጀመሪያው ጥናት በነሐሴ 2006 ወጣ። ሁለት አካባቢዎችን በጣም የተጨናነቁ አላቸው፤ ከኒው ዮርክ ከተማ እስከ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለውን የአትላንቲክ ዳርቻና ደቡብ ካሊፎርኒያን። በጥቅምት 2007 ስያሜው ጸደቀ። የመካከለኛው አትላንቲክ ኮሪደር ኒው ጀርሲን፣ ደላዌርንና ዋሽንግተን ዲሲን ሙሉ በሙሉ፤ የኒው ዮርክን፣ የፔንሲልቬኒያን፣ የሜሪላንድን፣ የቨርጂኒያን፣ የዌስት ቨርጂኒያንና የኦሃዮን ብዙ አውራጃዎች ያዘ። የደቡብ ምዕራቡ ደግሞ ካሊፎርኒያና አሪዞና ውስጥ ነው። ባጠቃላይ 10 ግዛቶችና ዲሲ፣ 40 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ። የኢትዮጵያን ስፋት ከሲሶ በላይ አስቡት። ኮሪደር ሲባል ጠባብ መተላለፊያ ይመስላል፤ ካርታው ላይ ግን ኃይሉ ከሚመነጭበት እስከሚፈለግበት ያለው አውራጃ ሁሉ አንድ ላይ ተከብቧል። ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍበት ቤትም እዚያ ውስጥ ነበር።

ተቃውሞው ወዲያው መጣ። ከብሉ ሪጅ ተራሮች ሥር ያለው የቨርጂኒያ ገጠር የፈረስና የከብት እርባታ፣ የወይን እርሻና የእርስ በርስ ጦርነት የተካሄደባቸው የታሪክ ቦታዎች ያሉበት ነው። የዚያ አካባቢ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የሆነው የፒድሞንት ካውንስል፣ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ፣ የተቆጣጣሪ ኮሚሽኑን ሪችመንድ በሚያስችለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩ በአንድ ሐረግ ላይ ነበር፤ “ፈቃዱን ከያዘው” ማለት ምን ማለት ነው? ኮሚሽኑ “አልፈቅድም ብሎ መከልከልም መያዝ ነው” ሲል ተርጉሞት ነበር። ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2009፣ ሁለት ዳኞች በአንድ ልዩነት፣ አይደለም አለ። መልስ ሳይሰጥ ዓመት ያለፈው ግዛት ፈቃዱን ይዞታል፤ በጊዜው መርምሮ “እምቢ” ያለው ግን መልስ ሰጥቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2010 ጉዳዩን አላይም አለ።

ይህን ፍርድ መጀመሪያ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ሦስተኛ ዓመት ዎርድ ላይ መምህራችን የጠየቁንን አስታወሰኝ። ራሱን የሳተ ታማሚና ነቅቶ “አልቆረጥም” የሚል ታማሚ፣ ሁለቱም አልፈረሙም፤ ታዲያ አንድ ናቸው? ለመጀመሪያው እኛ ልንወስንለት የምንችልበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው ግን ወስኗል፤ ውሳኔው ባይጥመንም። እግሩ እየጠቆረ “እምቢ” ያለውን ሰው አልጋ ዳር ቆመን ምን ያህል እንደሚያም ሁላችን እናውቃለን።

ሁለተኛው ፍርድ ደግሞ ስያሜውን ከነሥሩ ነቀለው። በየካቲት 2011 በምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ያለው የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለቱንም ኮሪደሮች ሻረ። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ ሕጉ “ከግዛቶች ጋር በመመካከር” እያለ ሚኒስቴሩ በጥናቱ ላይ በአግባቡ አላማከራቸውም፤ ስሌቱ የቆመበትን መረጃ በጊዜው አይተው እንዲተቹት ዕድል አልሰጣቸውም። ከወጣ በኋላ አስተያየት መቀበል ምክክር አይሆንም ተባለ። ሁለተኛ፣ ስያሜው በአካባቢ ላይ ሊያስከትል የሚችለውን ውጤት የሚመለከተው ሕግ የሚጠይቀውን ጥናት አላደረገም። በዚህ ሕግ መሠረት የፌዴራል ኮሚሽኑ ለአንድም መስመር ፈቃድ ሳይሰጥ ስድስት ዓመት አለፈ።

ይህን ጊዜ መስመር አልተሠራም ማለት ግን አይደለም። ከፔንሲልቬኒያ በዌስት ቨርጂኒያ አድርጎ ሰሜን ቨርጂኒያ የሚገባው ባለ 500 ኪሎ ቮልት የትራንስ አሌጌኒ መስመር በ2008 ከሦስቱም ግዛቶች ፈቃድ አግኝቶ በ2011 ሥራ ጀመረ። ቨርጂኒያ ብዙ ተከራክራ፣ ሰሚ ችሎት አስቀምጣ፣ በመጨረሻ “እሺ” ብላለች። በአንጻሩ ኒው ዮርክ ውስጥ የታሰበው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መስመር ብዙ ተቃውሞ ገጥሞት በ2009 ተተወ፤ አሪዞናም ወደ ካሊፎርኒያ ሊያልፍ የነበረውን መስመር በ2007 ከልክላለች። እንግዲህ ለዚያ ዘመን የሠራው የግዛቱ “እሺ” ነው፤ ያልሠራው ደግሞ “እምቢ”ን ለመዝለል የተሠራው መሰላል።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለባለ መሬቶቹ ጥሩ ፍጻሜ ነበር። ግን ሌላ ወገን አለ። ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ አንድም ኮሪደር አልተሰየመም። የንፋስና የፀሐይ ኃይል በብዛት የሚገኘው ደግሞ ሕዝብ በሚያንስበት ሜዳ ነው፤ መስመር ከሌለው እዚያው ይቀራል። በየካቲት 2021 ቴክሳስ በረዶ ሲመታት ሚሊዮኖች ለቀናት ያለ ኃይል ቆዩ፣ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዋናው ምክንያት የማመንጫዎቹና የጋዝ አቅርቦቱ በብርድ መቆም ነበር፤ ሆኖም የቴክሳስ መረብ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ግንኙነት ቀጭን በመሆኑ ከውጭ የመጣው እርዳታም ትንሽ ነበር። ከሞቱት ውስጥ እንደ እማማ በማሽን የሚተነፍሱም ነበሩ። ያለ መስመር መቅረትም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ግን በሰሚ ችሎቱ ላይ አይገኝም።

በኅዳር 2021 የጸደቀው የመሠረተ ልማት ሕግ ለሁለቱም ወገን መልስ ለመስጠት ሞከረ። በአንድ በኩል የሪችመንዱን ፍርድ ቀየረ፤ ግዛት ማመልከቻውን ቢከለክል እንኳ የፌዴራሉ ኮሚሽን በተሰየመ ኮሪደር ውስጥ ሊፈቅድ ይችላል። በሌላ በኩል ከግዛቶች በተጨማሪ ነባር ሕዝቦችን ማማከርን ጨመረ፤ መሬት ማስለቀቅ የሚፈልገው ኩባንያም ባለ መሬቱን ቀድሞ በቅን ልቦና ማነጋገሩን ማሳየት አለበት። በግንቦት 2024 ኮሚሽኑ ባወጣው መመሪያ ላይ የባለ መሬቶች መብት ዝርዝር ተካትቷል። ሰዎቹ መቼም ከ2011ዱ ሽንፈት የተማሩት ነገር አለ።

በዚያው ወር ሚኒስቴሩ 10 ዕጩ አካባቢዎችን አስታወቀ። የእኛም የመካከለኛው አትላንቲክ አንዱ ነበር። ካንሳስ ውስጥ ገበሬዎች ኮሪደሩ በርስታቸው ላይ መሳሉን ከዜና በመስማታቸው ተቆጡ። በታኅሣሥ 2024 ከ10ሩ ሦስት ብቻ ወደሚቀጥለው ደረጃ አለፉ፤ አንዱ በኤሪ ሐይቅ በኩል ከካናዳ ጋር የሚያገናኝ፣ አንዱ በኮሎራዶ፣ በኒው ሜክሲኮና በኦክላሆማ ጫፍ፣ ሦስተኛው በዳኮታዎቹና በነብራስካ የነባር ሕዝቦችን መሬት የሚነካ። የካንሳሱም የእኛም ከዝርዝሩ ወጡ።

ዕጩዎቹ በታወቁበት ሰሞን አንድ የረጅም ጊዜ ታካሚዬ፣ ከተራራው ሥር ከብት የሚያረቡ አዛውንት፣ ለደም ግፊት ክትትል መጡ። ግፊታቸው ከወትሮው ከፍ ብሎ አገኘሁት። ጠየቅኋቸው። ከኪሳቸው የታጠፈ ካርታ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። እኔም በድፍረት፣ ያን ሌሊት በባትሪ የሠራነውን ቀዶ ሕክምና ነገርኳቸው፤ መብራት የሌለበትን አገር እንዲያስቡ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ያሉኝ ይህን ነበር፦ መስመሩ ለሆስፒታል ቢሆን መሬታቸውን በነጻ እንደሚሰጡ፤ ግን ማንም መጥቶ ለማን እንደሆነ እንዳልነገራቸው። እውነታቸውን ነው። በእኛ በኩል የኃይሉን ፍላጎት እየገፋ ያለው በአብዛኛው በላውደን አውራጃ እንደ አሸን የፈላው ዳታ ሴንተር ነው። እኔ የማስበው የእማማን የኦክስጅን ማሽን ነበር፤ እሳቸው የሚያዩት ደግሞ መስኮት የሌለውን ትልቅ ሕንጻ። አንድ መስመር ለሁለቱም ይሄዳል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ደግሞ ሳይነግሯችሁ “ብሔራዊ ጥቅም” ቢሏችሁ እናንተም ግፊታችሁ ይጨምራል።

ወደ አገራችን ስመለስ ነገሩን እንዳለ መገልበጥ አልፈልግም። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ መስመር የሚያስቆም የግል ባለ ርስትም፣ እንደ ቨርጂኒያ ያለ ግዛትም የለም። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋውና 2,000 ሜጋ ዋት የማስተላለፍ አቅም ያለው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኃይል ያሻግራል። እኔም እኮራበታለሁ። ቢሆንም በእኛም ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011፣ ከይዞታው የሚነሳውን ሰው አስቀድሞ ማወያየትና ካሳ መክፈል ግዴታ ነው። ማወያየት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የአሜሪካኖቹን ስድስት ዓመት ማባከን አያስፈልገንም፤ የእነሱን ማንበብ ይበቃል።

ዛሬም የመስመሩ ወገን ነኝ፤ ያን ሌሊት አልረሳሁትም። ያወቅሁት ነገር ቢኖር፣ በ2007 ካርታውን የሣሉት ሰዎች ምርመራቸው ባብዛኛው ትክክል ሳይሆን አይቀርም፤ መስመሮቹ በርግጥም ተጨናንቀው ነበር። የወደቁት ምርመራው ላይ ሳይሆን ከታማሚው ጋር መነጋገሩ ላይ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ብለው የዘለሉት ነገር ከዐሥር ዓመት በላይ አስከፈላቸው። እዚህ መጽሔት ላይ ከሚያነቡኝ መምህራን መካከል ዛሬም ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ዎርድ ይዘው የሚዞሩ አሉ። ያቺን የመምህራችንን ጥያቄ አትተዋት፤ ያልመለሰውና “እምቢ” ያለው አንድ ናቸው? ከተማሪዎቹ አንዱ አንድ ቀን ነጭ ጋውኑን አውልቆ ካርታ የሚሥል ባለሥልጣን ይሆን ይሆናል፤ ማን ያውቃል።

እማማ ደህና ናቸው። አሁን ማሽናቸው የራሱ ባትሪ አለው። ለመሰባሰቢያው ስሄድ ሰላም በይልኝ ብለዋችኋል።